ከተነሳሁ ይፈሳል

አንደኛ ሳምንት፣ ሰኞ

ዳይሬክተሩ ፈረመልኝ። ሳያነብ ነው የፈረመው፤ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ወትፎ "አይ፣ ሰማያዊ ይሁን፣ ሰማያዊ ቆሻሻ አያሳይም" እያለ። ስለ ግድግዳ ቀለም ነው የሚያወራው። ይህ ሰው ትምህርት ቤቱን የሚያውቀው በቀለሙ ነው።

የጠየቅኩት የስላም ክበብ ነው። ተማሪው መድረክ ላይ ወጥቶ የራሱን ግጥም በራሱ አፍ ይናገራል፤ ከታዳሚው መሃል የተመረጡ ዳኞች ከዜሮ እስከ አሥር ያለ ቁጥር ያነሳሉ። ይኸው ነው። በሰባተኛው ሳምንት የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ውድድር በእኛ አዳራሽ ይካሄዳል። ጸሐፊዋ ግን ማስታወቂያውን ስትተይብ "ስላም የሚባል ቃል የለም፣ አስተካክዬልሻለሁ" አለችኝ። አሁን በየግድግዳው "የሰላም ክበብ ምዝገባ ተጀምሯል" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ማኅተም አለው። በዚህ ግቢ ማኅተም ያረፈበትን ስህተት የሚነቅል ሰው አልተወለደም።

አንደኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

አሥራ አራት ልጆች መጡ። ሁለቱ ከተኳረፉ ወር ሆኗቸዋል፤ "የምታስታርቁን መስሎን ነው" አሉ። ቁጭ በሉ አልኳቸው።

አስነበብኳቸው። ጨረቃ። ጽጌረዳ። እናት። ሌላ እናት። "እናቴ የዓይኔ ብርሃን" ያለችው ልጅ ትናንት በር ላይ እናቷን ስታመናጭቅ አይቻለሁ። ጥርሴን የሚያሳክክ ጣፋጭ ነገር ነው ሁሉም የሚጽፈው። አንገሸገሸኝ። በኋላ ሳስበው ደግሞ ይህን ስኳር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአሥር ዘጠኝ እየሰጠሁ ያሳደግኩት እኔው ነኝ።

ሁለተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

ሕጉን ነገርኳቸው። ሦስት ደቂቃ። ወረቀት የለም። ሙዚቃ የለም። የሰው ግጥም የለም። ከሦስት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ያለፈ በየአሥር ሰከንዱ ግማሽ ነጥብ ይቀነስበታል።

"ጨረቃን ተዉአት፤ ምንም አላደረገቻችሁም" አልኳቸው። "የሚያስጠላችሁን ጻፉ። አፍንጫችሁን ይዛችሁ የምታልፉትን። ግጥም መሸፈን አይደለም፣ መግለጥ ነው።"

የመጨረሻዋን አባባሌን ወደድኳት። ሰሌዳው ላይ ጻፍኳት። ልጆቹ ጣታቸውን አጮሁልኝ፤ በቪዲዮ ያዩት ነው፣ በስላም አይጨበጨብም፣ ጣት ነው የሚጮኸው። ስንት ዘመኔ ነው በአንድ ክፍል ውስጥ እንደዚህ ደስ ካለኝ!

ሁለተኛ ሳምንት፣ ዓርብ

ቸኩያለሁ። የሴት መምህራን መጸዳጃ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው፤ "አንቺ ዕቃ አትጥዪም" ብለው ነው የሾሙኝ። አንዷ መጥታ ትወስዳለች፣ ሌላዋ ታመጣለች፣ ቀኑን ሙሉ ኪሴ ይንሿሿል። ተማሪዎቹ ደግሞ ይህን ያውቃሉ። ባለፈው ወር ፈተና ላይ አንዷ ለምናኝ ነበር። ደንብ ደንብ ነው፤ ለአንዷ ብከፍት ለስድስት መቶ ልከፍት ነው? ትንሽ ታገሺ አልኳት። ታገሠች።

ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ደወል ተደወለ።

ሦስተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

ዛሬ የሆነውን በደንብ ልጻፈው።

አሥረኛ ክፍል ናት። ልጆቹ "ሳይለንት" ይሏታል፤ እንደ ስልኩ። ድምጿ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሳይደርስ ያልቃል። እስከ ዛሬ ጥግ ተቀምጣ ስትሰማ ነበር። ዛሬ ሳልጠራት ተነሳች።

"አይሰማም!" አሉ ከኋላ።

"ድገሚው" አልኳት። ደገመች። "አይሰማም!" በሦስተኛው ተሰማ። እንዲህ ነው የሚለው፤ ቃል በቃል ለምኜ ቀድቼዋለሁ፦

ሦስት በር አለ።
አንዱ ከተቆለፈ ዓመቱ።
አንዱ በር የለውም።
አንዱን አልናገርም፣ ምሳ የበላችሁ አላችሁ።

ጠዋት ውሃ አልጠጣም።
በስድስት ሰዓት ከንፈሬ ይደርቃል።
በስምንት ሰዓት "መልሱን ማን ያውቃል?" ይባላል።
አውቀዋለሁ።
ግን ከተነሳሁ ይፈሳል።

ቁልፍ ያላቸው ሰው አሉ።
"ትንሽ ታገሺ" አሉኝ።
ትንሽ ስንት ነው?
በሰዓት ነው ወይስ በሊትር?

ወንዶቹ መጀመሪያ ሳቁ። ሴቶቹ አልሳቁም። ከዚያ ወንዶቹም ተዉት። ጣት ያጮኸ የለም፤ ክፍሉ ጭጭ አለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ጸጥታ ነው፣ መጥቶ ሲቀመጥ ግን ወንበሬ ላይ አላስቀምጥ አለኝ።

"ቁልፍ ያላቸው ሰው" ያለችው ዳይሬክተሩን ነው። የእንግዶች መጸዳጃ ቁልፍ መሳቢያው ውስጥ እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሰውየውን አሁን በጣም ተጸየፍኩት።

ሦስተኛ ሳምንት፣ ዓርብ

ዳይሬክተሩን ነው። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል።

አራተኛ ሳምንት፣ ረቡዕ

ሳይለንት ከሰኞ ጀምሮ የለችም። እናቷ ጋ ደወልኩ። "ትኩሳት ይዟት ነው፣ ወገቧን ቀጥ ማድረግ አቃታት። ኩላሊት ነው አሉን" አሉኝ። ሴትዮዋ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሲያወሩኝ መኪናው ከጀርባ ይንጣጣል። "ውሃ ጠጪ ሲሏት እንቢ ትላለች፣ ምን ዓይነት ልጅ ናት?" ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው።

ታላቅ እህቴ ነርስ ናት። ለእሷ ነገርኳት።

"ሽንት እየያዘች ነዋ" አለችኝ፣ ከምትመግበው ሕፃን ዓይኗን ሳታነሳ፤ የልጅ ልጇ ነው። "ከእናንተ ትምህርት ቤት ይቺ ስንተኛዋ መሰለችሽ? እኔ እንደውም ውሃ የማታስጠጡ ይመስለኝ ነበር። አንቺ የት ነው የምትሸኚው?"

"የመምህራን አለ።"

"እሱማ ይኖራል" አለች። ማንኪያውን ወደ ሕፃኑ አፍ መለሰችው።

አራተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ የልጆቹ መጸዳጃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ዛሬ ገባሁ።

በሩ ጋ ሳልደርስ ዝንቡ ተቀበለኝ። በሻርፔ አፌንና አፍንጫዬን አፈንኩ። ወለሉ ላይ ብሎኬት በብሎኬት ተደርድሯል፤ ልጆቹ ራሳቸው ተሸክመው ያመጡት መረማመጃ ነው። በብሎኬቶቹ መሃል ያለውን አልጽፍም። የቧንቧው አፍ ላይ ሸረሪት ቤት ሠርታለች። ሦስተኛው በር ላይ በእስክሪብቶ "በግራ በኩል እንዳትረግጪ" ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ በሌላ እጅ "አመሰግናለሁ" የሚል አለ፣ ከእሱ ሥር ደግሞ "እኔም"። መቀርቀሪያ ስለሌለው ከውስጥ በገመድ ይያዛል። ገመዱ ብዙ እጅ የነካው ስለሆነ ጠቁሮ ያብረቀርቃል።

ወጥቼ አጥሩ ሥር አስመለሰኝ። ዘበኛው አየኝ፤ ዞር አለልኝ። አፌን ልታጠብ ወደ መምህራኑ ሄድኩ። ሳሙና አለ። ፎጣ አለ። መስታወት አለ። ታጠብኩና ወጥቼ ቆለፍኩት።

አምስተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

የልጆቹ መጸዳጃ በሮች ከውጭ ሰማያዊ ተቀቡ። ከውጭ ብቻ። በር የሌለውም ጉበኑ ተቀብቷል።

ዳይሬክተሩ አስጠራኝ።

"የሰማሁት እውነት ነው? ልጆቹን ስለ ሽንት ቤት ነው የምታስጮሂው?"

"ግጥም ነው።"

"እኔ የፈረምኩት ለሰላም ነው። ሽንት ቤት ምኑ ሰላም ነው?"

ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት። እሱ ግን አልሳቀም፤ ድምጹን ዝቅ አደረገ፤ ሲያባብል እንደዚያ ነው።

"ስሚኝ እህቴ። ሱፐርቫይዘሩ ይመጣል፣ ወላጅ ይመጣል። ገመናችንን አደባባይ እናስጣው? አንቺ የተማርሽ ሰው ነሽ። ምሳሌያዊ ይሁን። ጨለማ በይው፣ የተዘጋ በር በይው፣ ማን ምን ይላታል? ደግሞ የቋንቋ ትምህርት ክፍል ኃላፊነት ክፍት ነው። ማንን እንዳሰብኩ ታውቂያለሽ።"

አፉ ጥግ ላይ የደረቀ ምራቅ ነበር። ሲያወራ እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

አምስተኛ ሳምንት፣ ዓርብ

ሳይለንት ተመልሳለች። ከስታለች፣ ዓይኗ ገብቷል። ከክፍል በኋላ አስቀረኋት።

"ግጥምሽ ጥሩ ነው፤ ትንሽ እናብስለው። መጸዳጃ ቤት መሆኑ በቀጥታ አይነገር። 'ጨለማው ክፍል' እንበለው።"

"እሺ ቲቸር።"

"ከተነሳሁ ይፈሳል የሚለው ላይ 'እንባዬ' ብለሽ ጨምሪበት። ከተነሳሁ ይፈሳል እንባዬ። ቤትም ይመታል።"

"እንባ አይደለም ግን።"

"ምሳሌ ነው።"

"የምን ምሳሌ?"

ሰዓቴን አየሁ። ከዚያ "የቁልፉንስ ላውጣው?" አለችኝ።

"አውጪው" አልኩ። ጥያቄውን ሳትጨርስ ነው መሰለኝ ያልኩት።

አየችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ። "እሺ ቲቸር" አለችና ቦርሳዋን አነሳች።

ያደረግኩት ለእሷ ብዬ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ስድስት መቶ ተማሪ ምን ብሎ ስም እንደሚያወጣላት አውቃለሁ። ግጥም ደግሞ መግለጥ ብቻ አይደለም፣ ጥበብ አለው፣ መሸፈንም ያስፈልጋል።

ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያቅለሸልሻል።

ስድስተኛ ሳምንት፣ ረቡዕ

ልምምድ። "ከተነሳሁ ይፈሳል እንባዬ።" ልጆቹ ጣታቸውን አጮሁ። ለስኳሩ ነው የሚያጮሁት፤ ያው ስኳር ነው፣ እኔው የበጠበጥኩት።

የፊዚክሱ መምህር በመስኮት አይቶ በመምህራን ክፍል "ዘንድሮ ደግሞ በየክፍሉ ቆሞ ማልቀስ ተጀምሯል" ሲል ሰማሁት። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ሰባተኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ

ውድድሩ ተካሄደ።

አዳራሹ ሞላ። ዳኞቹ አምስት ናቸው፣ በዕጣ ከታዳሚው የወጡ፦ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር፣ አንዲት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፣ ሁለት ወላጆች፣ አንድ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ የስፖርት መምህር። ዳይሬክተሩ ፊት ለፊት ከሱፐርቫይዘሩ ጎን፣ ክራቫት አስሮ። ሰዓት የምትይዘው የእኛው ጸሐፊ ናት።

ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ ስለ ሟች አያቱ ተናግሮ አዳራሹን አስለቀሰ። ለራሱም እንባው በፈለገው ሰዓት ይወርድለታል። አያትየው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ሲያጨበጭቡለት ነበር። ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣ ዘጠኝ፣ አሥር።

ሳይለንት በስድስተኛ ተራ መድረክ ላይ ወጣች። ማይኩን ከቁመቷ ጋር ለማስተካከል ጊዜ ፈጀች። "ጨለማው ክፍል ሦስት በር አለው" ብላ ጀመረች። ዳይሬክተሩ ራሱን ነቀነቀ፣ ወደ ሱፐርቫይዘሩ ዘንበል ብሎ አንድ ነገር አለው። ቀጠለች። "ከተነሳሁ ይፈሳል" አለች። ቆመች።

እንባዬ አላለችም።

ቆማ ቀረች። የረሳች መሰለኝ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ "እንባዬ፣ እንባዬ" አልኳት ከመጋረጃው ጎን። አንድ ሰው ሳቀ። አንድ ወንበር ተንቋቋ። ግማሽ ደቂቃ ቆመች፣ ከዚያም በላይ።

"እንባ አይደለም" አለች በመጨረሻ። ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ማይክ አላስፈለገውም። "እንባ ቢሆን ማንም አይስቅብኝም ነበር።"

ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመረችው። ሦስት በር አለ። አንዱ ከተቆለፈ ዓመቱ። ሰማያዊ ቀለሙን ጨምራበታለች፤ "ከውጭ ሰማይ፣ ከውስጥ የምታውቁት" አለች፤ ሴቶቹ ተማሪዎች ከኋላ ጮኹ። ቁልፉ ጋ ደረሰች። "ቁልፍ ያላቸው ሰው አሉ" አላለችም። እንዲህ ነው ያለችው፦

ቁልፍ ያላት ሰው አለች።
ግጥም መግለጥ ነው ብላ ሰሌዳ ላይ የጻፈች።
ፈተና ላይ ሁለቴ እጄን አወጣሁ።
"ትንሽ ታገሺ" አለችኝ።
አልቻልኩም።
የጽዳት ሴትዮዋን ጠርታ "ውሃ ፈሶ ነው" አለቻቸው።
ውሃ።
ከጠዋት ጀምሮ ያልጠጣሁት ውሃ።

ወረደች።

አዳራሹ ምን እንዳደረገ ልጽፍ አልችልም፣ ጆሮዬ ጭው ብሎ ነበር። ቁጥሮቹን አይቻለሁ። አሥር፣ አሥር፣ አሥር፣ ዘጠኝ፣ አሥር። የአውቶቡስ ሹፌሩ ወረቀቱን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ይዞ ለረጅም ጊዜ አላወርድ አለ። ከዚያ ጸሐፊዋ ተነስታ፣ ሰዓቱን እያየች፣ "ሰዓት አልፏል" አለች። አራት ደቂቃ ከሃያ ሆኗል፤ ሦስት ተኩል ነጥብ ተቀነሰ። አያቱ ያልሞቱበት ልጅ አንደኛ ወጣ።

ሰባተኛ ሳምንት፣ እሑድ

ሁለተኛ ሳምንት፣ ዓርብ የጻፍኩትን ገልጬ አየሁ። "ታገሠች" ይላል።

አልታገሠችም። ወንበሩ ሥር ሲንጠባጠብ አይቻለሁ። ስሟን ሳልጠራ፣ ፊቷንም ሳላይ፣ የጽዳት ሴትዮዋን ጠርቼ ውሃ ፈሶ ነው አልኩ። እንደሸፈንኩላት ነበር የቆጠርኩት፤ ደግ ሴት መስዬ ታይቼ ነበር ለራሴ። የፈተና ወረቀቷ ጥጉ ርሶ ነበር። በሁለት ጣቴ ይዤ፣ ከሌሎቹ ለይቼ፣ መጨረሻ ላይ ነው ያረምኩት። እጄንም ታጥቤያለሁ።

ማንም በማያየው ደብተር ነው የዋሸሁት።

ስምንተኛ ሳምንት፣ ሰኞ

ዳይሬክተሩ ወረቀት አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። "ተማሪዋ ያልተፈቀደ ጽሑፍ አቅርባለች፤ ይዘቱም ሐሰትና ስም የሚያጎድፍ ነው" ይላል። ሁለት መስመር።

"ስምሽን እኮ ነው ያጠፋችው። ፈርሚ፤ ለአንድ ወር ትታገዳለች፣ ነገሩም ይበርዳል። የኃላፊነቱን ደብዳቤ አብሬ አስተይቤዋለሁ" አለኝ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጣቸው፤ ጠርዛቸውን በጣቱ አስተካከለ።

እንዳስብበት ጊዜ ይስጡኝ ማለት ፈልጌ ነበር። እውነቱን ለመጻፍ ያህል፣ እስክሪብቶ አንስቻለሁ። ክዳኑንም ከፍቻለሁ። ያስቆመኝ ጀግንነት አይደለም፤ ያ የሚያባብል ድምጹ ነው። "እኛ ሰዎች እንረዳዳለን አይደል?" አለኝ። እኛ ያለው እኔንና እሱን ነው። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩት።

"ሐሰት አይደለም" አልኩት።

"ምኑ?"

"ያለችው ሁሉ። እኔ ነኝ።"

"ይህን አሁን አልሰማሁም" አለ።

"በጽሑፍ አመጣልዎታለሁ።"

ስምንተኛ ሳምንት፣ ረቡዕ

ጻፍኩ። የፈተናውን ቀን፣ ክፍሉን፣ ያልኩትን ቃል፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ የነገርኳትን። ስለ ሦስቱ በሮችም። አንዱን ለዳይሬክተሩ፣ አንዱን ለሱፐርቫይዘሩ ሰጠሁ። ሱፐርቫይዘሩ ቆሞ አነበበና "ይሄ ለአንቺም አያምርም" አለኝ። አያምርም አልኩት።

ስምንተኛ ሳምንት፣ ዓርብ

ሳይለንት አልታገደችም። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ከክበቡም ተነሳሁ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊነትም ክበቡም ለፊዚክሱ መምህር ተሰጠ፤ ቋንቋ ከፊዚክስ ጋር ምን እንደሚያገናኘው የሚጠይቅ አልተገኘም። በመምህራን ክፍል ስገባ ወሬ ይቋረጣል። አንዷ ሻይ ስትቀዳ ለእኔ ዘለለችኝ።

የአውቶቡስ ሹፌሩ ከሁለት ወላጆች ጋር መሣሪያ ይዞ መጣ። የተቆለፈውን ሰበሩት፣ በር ለሌለው በር ገጠሙለት። ዳይሬክተሩ አብሯቸው ፎቶ ተነሳ። ውሃው ግን ገና ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል ይባላል።

ዘጠነኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

ሳይለንትን ኮሪደር ላይ ብቻዋን አገኘኋት። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፣ ያን ብቻ ነው ያልኩት።

ባዶውን ኮሪደር ወዲያና ወዲህ አየችው።

"እዚህ ነው የሚሉኝ ቲቸር?"

"የት ልበልሽ?"

"እኔ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ነው የተናገርኩት። ሐሙስ ክበብ አለን።"

ተቆጣሁ። እውነት ነው፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ቁጣ ነው። የደረጃ ጥያቄ ነው ብዬ አሰብኩ፣ መምህር ነኝ ብዬ አሰብኩ። ቤት እስክደርስ ድረስ እንደዚያው ነበርኩ።

ዘጠነኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

ሄድኩ። የፊዚክሱ መምህር አይመጣም፤ ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የሚመሩት። ተራ የሚመዘገበው በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነው። ስሜን ጻፍኩ፤ አራተኛ። ከኋላ ቁጭ ብዬ ሦስቱን ሰማሁ። አንደኛው ስለ አባቱ የመጠጥ ጠረን፣ ሁለተኛዋ ስለ ታክሲ ውስጥ እጆች፣ ሦስተኛው አሁንም ስለ ጨረቃ።

ተጠራሁ። ወጣሁ። ሰሌዳው ጀርባዬ ላይ ሆኖ ስንት ሺህ ጊዜ ቆሜያለሁ፤ ተራዬን ጠብቄ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ወረቀት አልያዝኩም። ቤት አልመታም። ሁለቴ እጇን እንዳወጣች፣ እኔ ምን እንዳልኩ፣ ምን እንዳየሁ፣ ማንን እንደጠራሁ፣ ወረቀቷን በሁለት ጣቴ እንደያዝኩት ተናገርኩ። ግጥሟን እኔ እንዳበላሸሁት ተናገርኩ። መሃል ላይ "በዚያን ጊዜ ደንቡ" ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ትቼው ዘለልኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኩ፣ በስሟ ጠርቼ፤ በቅጽል ስሟ አይደለም።

ጣቱን ያጮኸ የለም። አንዲት ልጅ ፊቷን አዙራ በመስኮት ታይ ነበር። ልክ ናት። እኔም ብሆን አዞር ነበር።

ሰዓት የያዘችው ይቅርታ የጠየቅኳት ልጅ ራሷ ነበረች። ስልኳን አየች።

"ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ" አለች። ደብተሯ ላይ ጻፈችው። "አምስተኛ ማን ነው?"

አንዱ ተነሳ። ቦታውን ለቀቅኩለትና ከልጆቹ መሃል ባዶ ወደነበረው ወንበር ሄጄ ተቀመጥኩ።